«ቀጭ» ካለ በኋላ

ያን ቀን ባትሪ ታቅፌ ነው የዋልኩት።

እንዲህ ስል ሰው ይስቃል። እውነቴን ነው ግን። የወንድሜ ካሜራ ባትሪ ይበላ ነበር፤ ብርድ ሲሆን ደግሞ ይብስበታል። ከደብረ ብርሃን በጠዋት ተነስቶ አንኮበር የሄደ ሰው ብርዱን ያውቀዋል። ከቤት ሲወጣ ሙሉ የነበረ ባትሪ እዚያ ሲደርስ ይዝላል። ወንድሜ ለዚህ መላ አግኝቶለት ነበር፤ መላው እኔ ነኝ። ትርፍ ባትሪዎቹን በስስ ጨርቅ ይጠቀልልና ከሹራቤ ሥር ብብቴ ውስጥ ያስገባቸዋል። ካሜራው ላይ ያለው ሲደክም ሳይዞር እጁን ወደ ኋላ ይዘረጋና «ዶሮዬ፣ እንቁላል» ይለኛል። የሞቀውን እሰጠዋለሁ፤ የቀዘቀዘውን ተቀብዬ እታቀፋለሁ። የቀዘቀዘውም ሲሞቅ ትንሽ ነፍስ ይዘራል።

ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡ እናት ሁለት ክንዶቼን ከጎኔ አጣብቄ ሲያዩኝ አዘኑልኝ።

«ልጄ፣ ክንድህን ምን ሆነህ ነው?»

እኔ አፌ ቶሎ አይፈታም። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። የምለውን ስፈልግ ወሬው ያልፈኛል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ በእኔ ፋንታ የሚመልሰው ወንድሜ ነው። ያን ቀንም ከፊት ወንበር ዞር አለ።

«ታቅፎ ነው እናቴ። ሃያ አንድ ቀን ሳይሞላው አይነሳም።»

«እሰይ፣ ሁሉንም ቄብ ያድርግለት» አሉ ሴትየዋ፣ ፈገግም ሳይሉ። መኪናው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ስስቅ አንዱ ባትሪ ሊያመልጠኝ ነበር።

የምንሄደው ከጎረቤላ በእግር ወረድ ብሎ ወዳለ መንደር ነበር። እዚያ አንድ ያረጁ ቄስና ባለቤታቸው ይኖራሉ። ያስጠሩን ባለቤትየዋ ናቸው። የመገነዣ ልብሳቸውን አዘጋጅተው፣ አጥበውና አጥፈው ሣጥን ውስጥ ካስቀመጡት ቆይተዋል። በእኛ አገር ይህ አያስደንቅም፤ ያረጀ ሰው የመጨረሻ ልብሱን ራሱ ያሰናዳል። እሳቸው ግን አንድ ነገር ቀረኝ አሉ። ለለቅሷቸው የሚሆን ፎቶ። አሁን አሁን በየለቅሶው ድንኳን የሟቹ ፎቶ ጠረጴዛ ላይ ይቆማል። የጎረቤታቸው ለቅሶ ላይ ግን ሟቿ ፎቶ ስላልነበራት ጠረጴዛው ላይ ሻማ ብቻ ነበር። «ሰው ሻማ እያየ አለቀሰ። እኔ እንዲያ አልሆንም። መልኬን ከመገነዣዬ ጋር አስቀምጣለሁ» ብለው ነው ወደ ወንድሜ የላኩት።

ስለ ካሜራው ትንሽ ልናገር። ካልተናገርኩ የሚከተለው አይገባም።

ወንድሜ ብዙ ጊዜ የሠራበት የድሮ ካሜራ ሆዱ ውስጥ መስታወት ነበረው። ሲያነሱበት መስታወቱ ብድግ ብሎ ይመለሳል፤ «ቀጭ» የሚለው ከዚያ ነው። ተክሊል ሲያነሳ ያ ድምፅ ብዙ ቦታ አስቀይሞታል። አንድ ቀን ቅዳሴ መሃል አንድ ዲያቆን ቀስ ብሎ መጣና በጆሮው «ወንድም፣ እንጨትህን ውጭ ስበር» አለው። ያንን ካሜራ ሸጦ፣ ላይ ታች ብሎ፣ መስታወት የሌለውን ገዛ። እኛ ባለሙያዎቹ ሚረርለስ እንለዋለን። ባለሙያዎቹ አልኩ፤ እሱ ነው እንጂ እኔስ ዶሮ ነበርኩ።

ይኼኛው ከፈለጉ ጨርሶ ድምፅ አያሰማም። ከኋላው ባለች ትንሽ መስኮት ዓይንህን ስታስጠጋ ፎቶው ገና ሳይነሳ ምን እንደሚመስል ታያለህ። የሰው ፊት ሲያገኝ ደግሞ አንዲት ትንሽ አረንጓዴ ሣጥን መጥታ ዓይኑ ላይ ታርፋለች። ሰውየው ቢዞር ትከተለዋለች። ወንድሜ «አረንጓዴዋ ዝንብ» ይላት ነበር። ዝንቧ ካረፈች ፎቶው ዓይን ላይ ጥርት ይላል፤ ካላረፈች ግን ጠብቅ።

ካህናቱ ወደዱት። ዝም ብሎ ገብቶ ዝም ብሎ ይወጣላቸዋል። ችግሩ የመጣው ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ነው። ሰው ለካ ድምፁን ይጠብቅ ኖሯል። ለሚ ገበያ ሄደን አንድ አዛውንት አንሳኝ አሉት። ዱላቸውን ተክለው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ቆሙ። ወንድሜ አነሳቸው። እሳቸው አልተነፈሱም። እሱም የጨረሰ መሆኑን አልነገራቸውም፤ ሌላ ሊደግም እያየ ነው። ፊታቸው ጠቆረ፣ ዓይናቸው ፈጠጠ። በመጨረሻ ትንፋሻቸው አመለጠና ጮኹ፦

«አንተ ልጅ፣ ወይ አንሳኝ ወይ ግደለኝ!»

ከዚያ በኋላ ነው በምላሱ ቀጭ ማድረግ የጀመረው። ካሜራውን ራሱን ድምፅ እንዲያወጣ ማድረግ ይቻላል። ትልልቅ አዳራሽ ውስጥ በአንዳንድ መብራት ሥር ያለ ድምፅ ሲያነሱ ፎቶው ላይ መስመር መስመር ስለሚሠራ፣ እዚያ ያበራዋል። በሌላው ቦታ ግን ምላሱን መረጠ። ምክንያቱም አንድ ነገር አይቶ ነበር። ሰው «ቀጭ» እስኪል ድረስ ለፎቶ ነው የሚቆመው። «ቀጭ» ሲል አለቀ ብሎ ትንፋሹን ይለቃል፤ ትከሻው ይወርዳል፤ ከጎኑ ላለው ሰው አንድ ነገር ይላል። ፊቱ ይመለስለታል። ወንድሜ ያኔ ነው የሚያነሳው፤ ያለ ድምፅ። አንድ ከቀጭ በፊት፣ አንድ ከቀጭ በኋላ። ሁለቱንም ያሳያቸውና «የትኛው ይታጠብልዎ?» ይላቸዋል። እሱ ሳይሆን እነሱ ናቸው የሚመርጡት።

ጎረቤላ ስንደርስ ጉም ነበር። ወንድሜ ደስ አለው። ጉም ሲሆን «እግዜር ነጭ ጨርቁን በነፃ ዘረጋልን» ይላል፤ ያን ቀን እኔ መያዝ የነበረብኝ ነጭ ጨርቅ ከቦርሳ ሳይወጣ ዋለ። እየተንሸራተትን ቁልቁል ወረድን። ከፊታችን አጥር አይታይም፤ ውሻ ይጮኻል፤ ወንድሜ እያፏጨ ይሄዳል።

ሴትየዋ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ነጭ ቀሚስ፣ ነጭ ነጠላ፣ አዲስ ሻሽ።

«አንሺዎቹ እናንተ ናችሁ? ሁለት ሆናችሁ? እኔ እኮ ያለኝ አንድ ፊት ነው።»

ቄሱ ውስጥ መደብ ላይ ዳዊት ዘርግተው ተቀምጠዋል። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ «ይፍቱኝ አባ» አላቸው። መስቀላቸውን አሳለሙትና ወደ ባለቤታቸው በአገጫቸው ጠቆሙ።

«እግዚአብሔር ይፍታ። ይቺ ሴት ሞትን ቀጥራዋለች። እንዳይሳሳት ብላ አሁን ደግሞ መልኳን ልትልክለት ነው።»

«እርስዎ ዳዊትዎን ይድገሙ አባ» አሉ ሴትየዋ። «ሞት እንደሁ ያለ ፎቶም ይመጣል።»

ወንድሜ ቤቱን ዞሮ አየ። ከዚያ በርጩማውን አንስቶ ከደጃፉ ትንሽ ገባ ብሎ አስቀመጠው፤ ከውጭ የሚገባው ብርሃን ፊት ላይ እንዲያርፍ፣ ጀርባው ጨለም እንዲል። ሴትየዋ ተቀመጡ፤ ግን ለጸሎት እንደተቀመጠ ሰው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ያዙሩ ሲላቸው ጉልበታቸውን ትተው አንገታቸውን ብቻ አዞሩ።

«ኧረ እንዴት ነው የምቀመጠው? አሳየኝ ልጄ።»

ወንድሜ ካሜራውን ከአንገቱ አውጥቶ ሰጠኝ። «ያዝ፤ አንሳኝና እማማ ይዩት» አለኝ። ሴትየዋን ደግፎ አስነሳቸውና በርጩማው ላይ ራሱ ተቀመጠ። እሳቸው አጠገቡ ቆሙ። «እንዲህ ነው እማማ። ጉልበት ወደ በሩ፣ ፊት ወደ ካሜራው።» እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። አፉን ገጠመ። ለቀልድ የሽማግሌ ፊት አበጀ፣ እንደ ዳኛ።

መስኮቷን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁ። ዝንቧ መጥታ ግራ ዓይኑ ላይ አረፈች። አንድ አነሳሁ። ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ምላሴን ቀጭ አደረግሁ። እንደሱ። አስቤበት አይደለም፤ ካሜራውን የያዘ ሰው ያንን ሲያደርግ ሳይ ስለኖርኩ ነው።

ወንድሜ አልጠበቀም። ቅንድቡ ተነሳ። ሴትየዋ ከጎኑ ሆነው ቁልቁል አዩትና፦

«ይኼስ ለለቅሶ አይሆንም። ሚስት ፈልጉበት!» አሉ።

ሳቀ። አንገቱን ወደ ኋላ ጣል አድርጎ ሳቀና መልሶ ወደ እኔ አየ፣ ሳቁ ሳያልቅ። የካሜራውን ቁልፍ ነካሁት። ድምፅ አልነበረውም።

«አነሳኸኝ እንዴ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ሌባ» አለኝ። እንደተደሰተ ከአጠራሩ አወቅሁ።

ከዚያ ሴትየዋ በተራቸው ተቀመጡ፤ አሁን በትክክል። ካሜራውን መለስኩለት። አንድ አነሳቸው። ምላሱን ቀጭ አደረገ። ሴትየዋ ትንፋሻቸውን ለቀቁ፤ ወደ ባለቤታቸው ዞር ብለው «አዩ፣ አልሞትኩም» አሉ፤ ሁለት ጥርስ ብቻ በቀረው አፋቸው ሳቁ። ያኔ ሁለተኛውን አነሳ።

ከካሜራው ጀርባ ባለው ስክሪን አሳያቸው። የመጀመሪያውን ዓይናቸውን አጥብበው ብዙ አዩት።

«ይቺ ሴትዮ ማን ናት? ቀበሌ ስኳር ልትጠይቅ የሄደች ትመስላለች።»

ሁለተኛውን ሲያዩ ጣታቸውን ሊያስጠጉ ፈለጉና ፈሩ።

«ይቺ እኔ ነኝ። ይቺ ትታጠብልኝ።»

ቄሱ ከመደቡ ተነስተው መጡና ከትከሻቸው በላይ አዩ። «በለቅሶ ላይ ጥርስ? ነውር አይደለም እንዴ? ሰው ሲያለቅስ አንቺ ልትስቂ?»

«ሊያለቅስልኝ የመጣ ሰው ማንን እንዳጣ ይወቅ እንጂ አባ። ያቺን ባለ ስኳሯን ማን ያውቃታል? ለሷ ማን ያለቅሳል?» አሉና ጨመሩ፦ «እርስዎ በኮስታራው ይቀበሩ፤ ማን ከለከለዎ።»

ቄሱ ራሳቸው ሳቁ። ወንድሜም፣ እኔም። ቆሎ ተሰጠን፤ ጠላ ተቀዳልን። ሴትየዋ ስንወጣ ባትሪዎቹን የመታቀፌን ነገር ከወንድሜ ሰምተው ስለነበር፣ ሁለት እውነተኛ እንቁላል በገለባ ጠቅልለው ሰጡኝ። «ይኼንንም አብረህ ታቀፍ።» ያን ቀን ያሰብኩትን አስታውሳለሁ። ምንም አላሰብኩም። ሆዴ ጠግቧል፣ እግሬ ቀዝቅዟል፣ ወንድሜ ፊት ፊቴ ይሄዳል።

ማታ ቤት ስንደርስ ከባትሪዎቹ አንዱ አብጦ አገኘው። ለናሙና ኪሱ ከተተው። «ነገ አዲስ አበባ ደርሼ ሁለት አዲስ ይዤ እመጣለሁ። ዶሮነትህ አበቃ» አለኝ።

«እንግዲህ ሥራ ፈት ልሆን ነዋ።»

«ካሜራ ትይዛለህ።» ከዚያ ቀና ሳይል፣ ሌንሱን እየጠረገ፣ «ዛሬ ያነሳኸኝን አየሁት። ሁለተኛው ዓይን ላይ ነው» አለ። በእኛ ሥራ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና የለም። ዓይን ላይ ነው ማለት ጥርት ያለ ነው፤ አልሳትክም ማለት ነው። ስለዚች ቃል እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ሳይላት ሊሄድ ይችል ነበር።

ጠዋት ሲወጣ ገና አልተነሳሁም ነበር። ከበሩ ላይ ሆኖ «ቻርጀሩን እንዳትነቅል» አለኝ። ያለኝ የመጨረሻ ነገር ይኸው ነው። እሺ አልኩት።

ጉም ነበር። ከከተማው ብዙም ሳይርቁ፣ ሚኒባሱ ጉሙ ውስጥ ቆሞ የነበረ የጭነት መኪና ላይ ወጣ። ሌሎቹ ተረፉ። ስለ አደጋው ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም። ጉምን ልጥላ ብዬ ሞክሬያለሁ፤ አልሆነልኝም። በበሩ ገብቶ ፊቱ ላይ ያረፈው ያ ብርሃንም ከጉም የመጣ ነው።

እኩለ ቀን ላይ ሽማግሌዎች መጥተው መርዶውን ነገሩን። እናቴ አንድ ጊዜ ጮኸች። ከዚያ ዝም አለች። ሴቶቹ አልቅሺ ቢሏት፣ ውሃ ቢረጯት፣ ደረቷን ቢያሹላት ዝም። ትንፋሿን እንደያዘች መደቡ ላይ ተቀመጠች። የማስታውሰው ትከሻዋን ነው። እንደ ተነሳ ቀረ።

ከሰዓት በኋላ የእድሩ ሰዎች ድንኳን ተከሉ፣ አግዳሚ አስገቡ። ከመጡት ሰዎች መካከል ብዙዎቹን አላውቃቸውም ነበር። ከተፈናቃዮች መጠለያ አንድ ቤተሰብ መጥቶ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ከወለጋ ሲሸሹ ፎቶዎቻቸው ሁሉ ቤታቸው ውስጥ ቀርተው፣ ወንድሜ አንድ እሁድ ሄዶ ሁሉንም እንደ አዲስ አንስቷቸው ነበር። እኔም አብሬው ነበርኩ፤ ባትሪ ታቅፌ። አባትየው መጥቶ እጄን ያዘ። የኔ አፍ አልፈታ አለ። ሁለታችን ዝም ስንል ደህና ነበር።

ቀብሩ በማግስቱ እንዲሆን ተወሰነ፤ ዘመድ ከሩቅ ይመጣልና። የእናቴ ታላቅ ወንድም ከለሚ ደርሰው ነበር፤ ሁሉን ነገር የያዙት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ባይኖሩ ምን እንሆን እንደነበር አላውቅም። አመሻሽ ላይ ወንዶቹን ሰብስበው የነገውን ሲያከፋፍሉ፣ «ፎቶ» አሉ። «ድንኳኑ ውስጥ የሚቆም ፎቶ ያስፈልጋል።»

ያኔ ነው ሁላችንም ያየነው። ከተማውን በሙሉ ያነሳ ሰው፣ ቤታችን ግድግዳ ላይ የእሱ ፎቶ የለም። ሁልጊዜ ከካሜራው በስተኋላ ነው።

አጎቴ ከዕቃው መካከል የቀበሌ መታወቂያውን አገኙ። «ይኼው። ይኼ ተነስቶ በትልቁ ይታጠብ። ኮስተር ያለ ነው፤ ለለቅሶ የሚሆን ነው።»

አየሁት። ገና ጢም ሳያበቅል የተነሳው ነው። ዓይኑ ፈጥጧል። ሌላ ሰው ነው።

ካሜራውን ከክፍላችን አመጣሁ። ቻርጀሩ ግድግዳው ላይ ተሰክቶ ነበር፤ ግን ከጠዋት ጀምሮ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ባትሪዎቹ አልሞሉም። የተሻለውን ከተትኩና ሁለተኛውን ፎቶ አውጥቼ ለአጎቴ ሰጠኋቸው። ስክሪኑን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። አጠገባቸው ላሉት አሳለፉት። ካሜራው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የባትሪው ምልክት ቀይ ሆነ።

«ቆንጆ ነው» አሉ አጎቴ። «ግን ይስቃል ልጄ። ጥርሱ ይታያል። ሰው ምን ይላል? ሠርግ መሰላቸው ይላል። ወንድምህ እንዲሳቅበት አልፈልግም።»

«እውነታቸውን ነው» አለ አንድ ጎረቤት። «ለቅሶ ወግ አለው።»

ልናገር ፈለግሁ። ቃሉ አልመጣም። ሁሉም አዩኝ። እንዲህ ሲሆን ከፊት ወንበር ዞር የሚልልኝ ሰው ነበረ። ጠበቅሁት እላለሁ፤ በእውነት ትንሽ ጠበቅሁት። ከዚያ እየተሰናከልኩ ጀመርኩ። ትናንት አንኮበር ነበርን አልኩ። አንዲት እናት አሉ፣ መገነዣቸውን ያዘጋጁ። ለለቅሷቸው ፎቶ ተነሱ። ሁለት። አንዱን… አንዱን ስኳር ልትጠይቅ ቀበሌ የሄደች ሴት አሉት። የሚስቀውን መረጡ። ባላቸው ነውር ነው ሲሏቸው ምን አሉ፣ «ሊያለቅስልኝ የመጣ ሰው ማንን እንዳጣ ይወቅ» አሉ። ወንድሜ ሰምቷቸዋል። ወዶታል። ይኼ የሳቀው እዚያው ነው፣ እሳቸው ወንበር ላይ። ያነሳሁት እኔ ነኝ።

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። 

«አምጣው» የሚል ድምፅ ከመደቡ መጣ። እናቴ ናት። መርዶው ከመጣ ጀምሮ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነው። ካሜራውን ጭኗ ላይ አደረግሁላት። ጎንበስ ብላ አየችው። ስክሪኑ ሊጠፋ ደብዘዝ ሲል በጣቴ እነካላታለሁ፣ ይመለሳል። ደግማ ታያለች።

«እኔ የወለድኩት ይኼንን ነው» አለች። «ይኼ ይቁም።»

አጎቴ መታወቂያውን በሁለት እጃቸው ይዘው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ በቀስታ ኮታቸው የውስጥ ኪስ ከተቱት። «እኅቴ ካለች ይኼ ይቁም። ጠዋት በጊዜ ሂድ» አሉኝ። አልቀየምኳቸውም። ወንድሜን ከሰው አፍ ሊጠብቁልኝ ነው የፈለጉት። መታወቂያውን እስከ ዛሬ አልመለሱልንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ማግስቱን ጠዋት ስነሳ የቀኝ ክንዴ ከጎኔ ተጣብቋል። ብብቴ ውስጥ ያቺ የደከመች ባትሪ ነበረች። መቼ እንደከተትኳት አላስታውስም።

የካሜራውን ሜሞሪ ካርድ ይዤ ወደ ፎቶ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ ወንድሜን ያውቀዋል፤ ሥራውን ሁሉ እዚያ ነው የሚያሳጥበው። ሱቁን ለእኔ ብሎ ገና ሳይነጋጋ ከፍቶ፣ ጄኔሬተሩን አስነስቶ ጠበቀኝ። ፎቶው በትልቁ ስክሪን ሲወጣ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ፊቱን አዞረ። ቆይቶ፣ አፍንጫውን ጠርጎ፣ ወደ ሥራው ገባ።

«ደመና ላስገባበት? ርግብ? ከሥሩ ነፍስ ይማር ብዬ ልጻፍ? ሁሉም እንዲያ ነው የሚያሠራው።»

«እንዳለ።»

«ፊቱን ትንሽ ላጥራው?»

«እንዳለ ይሁን።»

አቀረበው፣ አራቀው። «ይቺ ጥግ ላይ ያለችው ነጭ ነገር ምንድን ናት?»

ቀረብ ብዬ አየሁ። ከጎኑ ቆመው የነበሩት የአንኮበሯ እናት ነጠላ ጫፍ ነው። ሚስት ፈልጉበት ያሉ ጊዜ።

«ትቆረጥ?»

«አትቆረጥ» አልኩት። ያን ጠዋት ሳልሰናከል የተናገርኩት ቃል እሱ ነው።

የሴትየዋንም አብሬ አሳጠብኩ። ወንድሜ ቃል ገብቶላቸው ነበርና። ሁለቱን ፎቶዎች ደረቴ ላይ አድርጌ በብርዱ ተመለስኩ። ባለ ፎቶ ቤቱ የወንድሜን በጥቁር ፍሬም አድርጎልኝ ነበር።

ድንኳኑ ውስጥ ሰው ገና አልገባም። እናቴ ብቻዋን ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣለች። ፎቶውን አቆምኩት። አየችው። ነጠላዋን አስተካከለች። ወንበሯን ትንሽ አስጠጋች። የነጠላዋ ጫፍ ፍሬሙን ነካ።

«አንድ ቀን አብረን ተነስተን አናውቅም» አለች። «ካሜራህን አምጣ። ሰው ሳይመጣ አንሳን።»

አንሳን አለች። አንሳኝ አላለችም።

ካሜራውን አመጣሁ። ሜሞሪ ካርዱን መለስኩበት፤ ባትሪዋን ከብብቴ አውጥቼ ከተትኳት። ቀይ አሳየች፤ ግን ተነሳች። መስኮቷን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁ። አረንጓዴዋ ዝንብ መጣች፤ ፎቶው ውስጥ ያለው ግራ ዓይኑ ላይ አረፈች። ለእሷ ወረቀትና ሰው አንድ ነው። ዓይን እስከሆነ ድረስ ታርፋለች። ትንሽ ተወኳት፤ ትረፍበት። ከዚያ እናቴ ቀና ስትል ተነስታ ወደ እሷ ሄደች።

እናቴ ለፎቶ ተቀምጣለች። ትከሻዋ ትናንት እንደተነሳ ነው። አፏን ገጥማ፣ ትንፋሿን ይዛ ድምፁን ትጠብቃለች።

ምላሴን ቀጭ አደረግሁ።

ተነፈሰች። ረጅም ነው፤ ከትናንት ጀምሮ የተያዘ። ትከሻዋ ወረደ። ወደ ጎን ዞር ብላ ሳቁን አየችና «ውይ ልጄ» አለች፤ እንባዋ መጣ። ያኔ ቁልፉን ነካሁት።

ካሜራው ምንም አላለም። ወዲያው ጠፋ። ባትሪዋን አውጥቼ መልሼ ብብቴ ውስጥ ከተትኳትና፣ የመጀመሪያዎቹን ለቀስተኞች ልቀበል ወደ ድንኳኑ በር ሄድኩ።